አቶ ነገር-አለ ጠባብ ቤት ገቡ

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየታክሲ ሰልፉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ፀሐይ ብትወጣ እንኳ "ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" የሚል። እንዲህ ያለው ሰው ሰላምታ ሲሰጡት አይቀበልም፣ ይመረምራል። ቅናሽ ሲያይ ደስ አይለውም፣ ይደነግጣል። የአንዲት ልብስ ሰፊ ባል፣ ክቡር አቶ ነገር-አለ፣ ከዚሁ ወገን ናቸው፤ በማዕረግ ግን ማንም አይደርስባቸውም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በመጋዘን ተቆጣጣሪነት ነው። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው የሸለሟቸውን ሰዓት መድረኩ ላይ ጆሯቸው ሥር ለጥፈው ካዳመጡ በኋላ፣ "ነገር አለ" ብለው ነው የተቀበሉት። ቅጽል ስሙም በዚያው ጸደቀላቸው።

ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ሰፊው አፓርታማ ግን እንደሰፋ ቀረ። ኪራዩ በየጊዜው ሽቅብ ይወጣል፣ ጡረታው ባለበት ይረግጣል፣ ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ የምትሰፋው ሁሉ ለአከራይ ሲሳይ ሆነ። አንድ ቀን መቀሷን አስቀምጣ፣ "ለሁለት ሰው ይሄ ሁሉ ክፍል ምን ያደርጋል? ትንሽ ቤት እንግባ" አለች።

"ማን ነው ይሄን የመከረሽ?" አሉ አቶ ነገር-አለ።

የተገኘው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ወጥ ቤት የምትባል ጓዳና አንዲት መታጠቢያ አለችው። መስኮቱ ግን ሰፊ ነው፣ ብርሃን እንደ ልብ ይገባል። ልብስ ሰፊዋ ገና ስታየው ስፌት መኪናዋን እዚያ ሥር በሐሳቧ አስቀምጣ ጨርሳለች። ባሏ ግድግዳውን በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ ቧንቧውን ከፍተው ይዘጋሉ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው ያሸታሉ።

"ለምን ረከሰ?" ብለው ቤቱን የምታሳያቸውን አከራይ ጠየቋት።

"ጠባብ ስለሆነ ነው፣ አባቴ።"

"እሱማ ይታያል። የማይታየውን ንገሪኝ።"

"የማይታይ ነገር የለውም።"

"ነገር አለ" አሉ፣ ኮርኒሱን ሽቅብ እያዩ።

የአከራይዋ ፊት ተለዋወጠ። ቁልፉን ወደ ቦርሳዋ ልትመልስ ስትል ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። "እባክሽ እህቴ፣ አፉ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው። ይሄ ቤት ካመለጠን መግቢያ የለንም።" ቁልፉ በስንት ልመና ተገኘ።

ዕቃ የተጫነ ቀን አቶ ነገር-አለ ከተሸካሚዎቹ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ጭነት መኪናው ላይ የተሳፈሩትም ብፌውን ተደግፈው ነው። አዲሱ ቤት ሲደርሱ ብፌው በበሩ አልገባ አለ። በቁሙ ተሞከረ፣ በጎኑ ተሞከረ፣ ወይ ፍንክች። አቶ ነገር-አለ መቃኑን እየዳበሱ፣ "ያን ቀን ስናየው በሩ ሰፊ ነበር" አሉ። ብፌው ለሚስታቸው ታናሽ እህት ተላከ። የፊት ለፊት ጎረቤት እንኳን ደህና መጣችሁ ብላ መዶሻ ብታውሳቸው ደግሞ አገላብጠው አዩትና፣ "መዶሻ እንደሌለን በምን አወቀች?" አሉ።

ይሄ ሁሉ ይሳቅበታል፤ የማያስቀው ቀጥሎ መጣ። በድሮው ቤት ደንበኞች የሚለኩበት ክፍል ለብቻው ነበር። አሁን አልጋው፣ ሶፋው፣ ስፌት መኪናውና አቶ ነገር-አለ በአንድ ክፍል ታጭቀዋል። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች አንዲት ወጣት ሶፋው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየችና፣ "ሌላ ቀን እመለሳለሁ" ብላ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ሌላዋም እንደዚሁ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ጠቅልላ አስቀመጠች። ሌላ ክፍል በሌለው ቤት ባልን የት ያኖሩታል?

ብዙም ሳይቆይ አቶ ነገር-አለ ኮታቸውን ለብሰው፣ "መብራታችንን የሚሰርቅ አለ" አሉ። "ቆጣሪው ታች ደረጃው ሥር ነው፤ ወርጄ እጠብቃለሁ።" በርጩማቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ይወርዳሉ፣ ለምሳ ይወጣሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ። ደረጃው ሥር ያለው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ሲመለሱ ሳል ይዘው ይመለሳሉ።

ደንበኞች እየበዙ መጡ፤ የልብስ ሰፊዋ ልብ ግን አላረፈም። ያን ያህል ዘመን አብራቸው ስትኖር የጥርጣሬ በሽታቸው ተጋብቶባት ኖሯል። ጠባቡን ቤት ጠልቶት ይሆን? ወይስ እኔን? አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆመው ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ አየቻቸው። ቆጣሪ የሚጠብቅ ሰው ለማን ብሎ ያበጥራል?

በዚህ መሐል አከራይዋ የሚያፈስ ቧንቧ ልታይ መጣች። "ኧረ ባክሽ የመብራት ሌባውን አንድ በይኝ፤ ባሌ ታች በብርድ አለቀ" አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

"የምን ሌባ?" አለች አከራይዋ ግራ ገብቷት። "ቆጣሪያችሁ እኮ ይኸው ከበራችሁ በላይ ነው። የታቹ ሳጥን ባዶ ነው። በገባችሁ ሰሞን ራሳቸው ከፍተው 'ለምን ባዶ ሆነ?' ብለው አፋጠውኛል!"

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ደረጃውን ወረደች። መሐል ላይ የባሏን ድምፅ ሰምታ ቆመች፣ አጎንብሳም አየች። አቶ ነገር-አለ የኮታቸውን ኮሌታ አቁመው፣ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ያቺን ሄዳ የቀረችውን ባለ ቀሚስ ያነጋግራሉ።

"ባለፈው እኔን አይተሽ ነው የተመለስሽው። አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ደረጃውን ውጪ። ላይ ወንድ የሚባል የለም፣ ብቻዋን ናት። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እስክትወርጂ ከዚህ አልነቃነቅም።"

ልብስ ሰፊዋ ሳትታይ ተመለሰች። ልጅቷን ስትለካ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቁጥሩ አልታይ አላት፤ እንደገና ለካቻት። ከሸኘቻት በኋላ ለራሷ ካፖርት ልትሰፋበት ያስቀመጠችውን ወፍራም ጨርቅ አውጥታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። አቶ ነገር-አለ ሲመለሱ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቃቸው።

"ይሄ ምንድነው?"

"መጋረጃ።"

"ምን ልትደብቂበት ነው?"

"አንተን።"

አቶ ነገር-አለ ቀና ብለው አዩዋት። ማወቋን አወቁ። እሷም ስለ ባዶው ሳጥን ትንፍሽ አላለችም። "እዚያ በብርድ ከምታልቅብኝ እዚህ ከኋላዬ ሆነህ አስል" አለች ብቻ።

ጨርቁን በጣታቸው መካከል አሹት። ከወዲህ ቆሙ፣ ከወዲያ ቆሙ። "እስቲ እዚያ ጋ ቁሚ" አሏት፤ ቆመች። ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና ብለው አዩ፣ መብራቱን አብርተው አጠፉ። በመጨረሻ መጋረጃው ከግድግዳው የሚገናኝበትን ጠርዝ ያዙ።

"እዚህ ጋ ክፍተት አለ፤ ሰው ያሳያል። መርፌ ቁልፍ አምጪ።"

ልብስ ሰፊዋ ከነጣሳው አቀበለቻቸው። አንድ እንደማይበቃቸው ታውቃለች።