ጋሽ ቱሉ ዝም ያሉ ዕለት

ጎረቤት መኖሩን በምን ታውቃላችሁ? «በጭሱ» የሚል ይኖራል፤ «በልጆቹ ጩኸት» የሚልም አይጠፋም። በደርግ ዘመን፣ በእኛ በመካኒሳ ሰፈር ግን፣ የጎረቤት መኖር የሚታወቀው በጠዋት ሰላምታ ነበር። አጥር ላይ ቆማችሁ «እንደምን አደራችሁ!» ትላላችሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን!» ካለ ጎረቤታችሁ አለ። ደጋግማችሁ ጠርታችሁት ዝም ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ ሄዷል፣ ወይ አኩርፏችኋል። ሰፈራችን ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለማጣራት ትዕግሥት አልነበረውም።

ቀበሌው ሰፈሩን የሚጠብቁ ጓዶች መድቦልን ነበር። ጠመንጃም ፊሽካም ነበራቸው፤ እትዬ ዘነበችን ግን አያክሉም። እትዬ ዘነበች ጎህ ሲቀድ ብቅ ብለው ሰላምታቸውን በግራም በቀኝም ይለቁታል። ማን ቶሎ እንደመለሰ፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን ከአንገት በላይ እንደመለሰ በልባቸው ይይዛሉ። ለውጥ ካለ ቁርስ ሳይቀርብ መንደሩ ይሰማዋል።

ሐሜት ነው እንዳትሉ! ኑሯችን በዚያ ላይ የቆመ ነበር። ስልክ ያለው ጡረተኛው ጋሽ ተሰማ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም መደወያው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ለእኔ ሲደወል ጋሽ ተሰማ በአጥር ለእትዬ ዘነበች ይነግራሉ፤ እትዬ ዘነበች ለጋሽ ቱሉ፣ ጋሽ ቱሉ ለእኔ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ የተኳረፉ እንደሆነ ግን መልእክቱ በሌላ አጥር መዞር ስላለበት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር በየጠዋቱ ማወቅ ግድ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። ብስራተ ገብርኤል የምትኖር አስቴር የምትባል ልጅ ወድጄ ነበር። ወድጄ ስላችሁ ቀላል አይምሰላችሁ፤ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ላክሁ፤ አባቷም እንደ ወጉ «እንመካከርና ለእሁድ ተመለሱ» አሉ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ቱሉ ነበሩ። ጋሽ ቱሉ የሰፈሩ ነባር ባላገር ናቸው፤ እኛ ቤት የሠራንበት ሁሉ ጥንት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ድንጋይ ያሳምናሉ፤ ተስፋዬም እሳቸው ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘነበች እንደ ልማዳቸው «ጋሽ ቱሉ፣ እንደምን አደሩ!» አሉ። ዝም። ደገሙ። ዝም። በአጥሩ ቀዳዳ ቢያዩ፣ ጋሽ ቱሉ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ ወደ ጓሮ በሩጫ አለፉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጋሽ ቱሉ ኮሶ ጠጥተው ነበር። ሆዳቸውን ጠርገው ለእሁድ ቀለል ብለው ሊሄዱልኝ! ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ይዘጋል፤ መጠጣቱንም አስቀድሞ አያውጅም። ወደ ጓሮ በሚመላለስበት ሰዓት ደግሞ ለሰላምታ ጊዜ የለውም።

እትዬ ዘነበች ግን ምክንያት ለማግኘት አልተቸገሩም። «ዶሮዎቼ ጎመናቸውን ጫሩባቸው፤ ይህንኑ ነው የቋጠሩት! ሮጡ እኮ፣ ሸሹኝ!» አሉ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ነው። ዘነበችና ቱሉ መኳረፋቸው በየአጥሩ ተነገረ።

ወሬው ሳይበርድ የጋሽ ተሰማ ስልክ ጮኸ። የአስቴር አባት ነበሩ። «እሁድ አይመቸኝም፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይምጡ» አሉ። ለምን እንደማይመቻቸው አልተናገሩም።

ጋሽ ተሰማ ለእትዬ ዘነበች አቀበሉ። እትዬ ዘነበች ላኮረፋቸው ሰው ሊያቀብሉ? «ሞቼ ነው ቆሜ!» አሉ። በእግራቸው እንዳይመጡልኝ መንገዱ በጋሽ ቱሉ ደጅ ነው፤ የሐምሌም ጭቃ አለ። ስለዚህ በጓሮ አጥራቸው ለጠላ ነጋዴዋ ለጥሩነሽ ነገሯት። ጥሩነሽ ደግሞ የእኔ መልእክት ሁሉ በጋሽ ተሰማ በኩል እንደሚመጣ ስለምታውቅ፣ ወስዳ ለጋሽ ተሰማ ባለቤት ነገረች። ጋሽ ተሰማ ይህን ሲሰሙ «ነገሩ ቢጠና ነው» ብለው ለእትዬ ዘነበች አጥብቀው ደገሙላቸው። እትዬ ዘነበችም ለጥሩነሽ። እንዲህ ሲዞር ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቀጠሮዬን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከእኔ በስተቀር። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ለነገ የምለብሰውን ሸሚዝ እተኩሳለሁ።

አመሻሹ ላይ የጋሽ ቱሉ ድምፅ ተመለሰ።

«ዘነበች! እንደምን ዋልሽ?»

«ዛሬስ ያናግሩኛል?»

«ኮሶ ጠጥቼ ነው እንጂ! ምን ላድርግ ብለሽ ነው?»

መልእክቱ ያኔውኑ ደረሰኝ፤ ፀሐይዋ ግን ጠልቃለች። አለቀስኩ ብል አላፍርም። የሽማግሌ ቀጠሮ ማፍረስ ንቀት ነው፤ አስቴርን አጣኋት ማለት ነው። ጋሽ ቱሉ ትከሻዬን ይዘው «ቢነግሩኝስ በዚህ ሆዴ የት ልሄድልህ ነበር? ነገ በጠዋት ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉኝ።

እሁድ ወጉ ባይፈቅድልኝም ተከትዬ ሄድኩ። የአስቴር አባት በር ተዘግቷል። ጋሽ ቱሉ «እንደምን አደራችሁ፣ ቤቶች!» አሉ። ዝም። ደገሙ። ዝም። በአጥሩ ቀዳዳ ባይ፣ አባትየው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ ወደ ጓሮ በሩጫ አለፉ።

«አለቀልኝ፣ አኮረፉን» አልኩ።

ጋሽ ቱሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዝም በል፣ ልጄ። እንዲህ ያለ ሰው አይጠራም። ተቀምጠን እንጠብቃቸው።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ አባትየው ገርጥተው በሩን ከፈቱና ትናንት ለምን እንደቀረን ጠየቁ። ጋሽ ቱሉ ጠጋ ብለው በጆሯቸው አንሾካሾኩ። የአባትየው ፊት ፈካ። የዚያን እሁድ የቀበሌያቸው ስብሰባ ኖሯል፤ ከዚያ ለመቅረት እሳቸውም ኮሶ ጠጥተዋል፤ ሊቀመንበሩ ማስረጃ የማይጠይቁበት ሰበብ ደግሞ ኮሶ ብቻ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው ገቡ፤ አስቴርም ተፈቀደችልኝ። በእኔ ሙያ እንዳይመስላችሁ።

እየፈነደቅሁ ስመለስ እትዬ ዘነበች አጥራቸው ላይ ቆመዋል። ጠዋት በጭንቀት ስወጣ ለካ ሰላምታቸውን ሳልመልስ አልፌ ኖሯል።

«እትዬ ዘነበች! እንደምን ዋሉ!» አልኩ።

ዝም። ደገምኩ። ዝም።

የምሥራቹን በጥሩነሽ በኩል ላክሁላቸው።