የመንገዳችን ጭስ ቆጣሪ

መኪና የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ አንድ ቆጣሪ አለው። እኛ ሰፈር የለም የሚል ሰው ካለ፣ ወደ ውጭ አላየም ማለት ነው።

የኛው ቆጣሪ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ጭሱ» ይላቸዋል፤ እኔ ግን ለማዕረጋቸው ስል ክቡር የጭስ ሚኒስትር እላቸዋለሁ። መሥሪያ ቤታቸው ሕንፃችን በር ላይ ያለች የፕላስቲክ ወንበር ናት። በየማለዳው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይሰየሙባትና ስንት መኪና አለፈ፣ ስንት ሰው ጫነ፣ ስንቱ አጨሰ እያሉ መዝገባቸው ላይ ያሰፍራሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የቀሩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄደው። ያንንም ቀን ቢሆን ከሐኪሙ መስኮት ሆነው የሌላ ሰፈር መኪና ቆጥረው ተመለሱ።

እሳቸው ቤት ስትገቡ «እንደምን ዋልክ» የለም። «በምን መጣህ?» ነው። በመኪና ካላችሁ «ለብቻህ?» ይከተላል። አዎ ካላችሁ አለቀላችሁ። «አንድ ሰው፣ አምስት መቀመጫ፣ አንድ ቶን ብረት! ምነው ልጄ፣ ቤትህንም ጎትተህ አትመጣም ነበር?»

ልጃቸውን ለማግባት የፈለገው ጎረምሳ ትልቅ መኪና ይዞ ሲመጣ ስለ ሥራውም ስለ ወላጆቹም አልጠየቁትም። «በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» አሉት። ልጁ ደንግጦ «ፈጣን ናት» ብሎ መለሰ። ነገሩ በአንድ ዓመት ተራዘመ። በዓመቱ በብስክሌት፣ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ መጣ፤ ገና ደረጃውን ሳይወጣ መረቁት።

ትምህርታቸውን ሳይሰሙ ማምለጥ አይቻልም። «የሚታየው ጭስ ሳንባ ነው የሚበላው፤ ምድርን የሚያሞቃት የማይታየው ነው» ይላሉ። «ዛሬ አንዱ መኪና ለብቻው ሲታይ ከድሮው ጨዋ ሆኗል። ግን አንድ በነበረበት ሦስት ቆመዋል! ጨዋነታቸውን ብዛታቸው በላው!» ይህን ሲሉ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ወረቀት ያመለክታሉ። የሚያጨሱት መኪኖች ቁጥር በመስመር ተስሎበታል። ስድስት ዓመት ሽቅብ ይወጣል፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ግን ቁልቁል ይወርዳል። «ወረደ! ምክር ሰሚ ሾፌር አፈራሁ!» እያሉ በዚያ ዕድሜያቸው ይዘላሉ።

ባለቤታቸውን «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ አስም አለባቸው። ጭሱ የበረታ ቀን ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ አራት ጊዜ ያርፋሉ። ሚኒስትሩ ይህን ለማንም አያወሩም፤ መቁጠር የጀመሩት ግን እትዬ ከሆስፒታል በተመለሱ ማግስት ነው።

ታዲያ ባለፈው ወር የትራንስፖርት ቢሮው ማስታወቂያ ለጠፈ። የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች መጥተዋል፤ ከኛና ከጎረቤት መንገድ ጭስ ለባሰበት ይሰጣሉ፤ ማስረጃ ያለው ነዋሪ ሐሙስ ይዞ ይቅረብ ይላል። ሚኒስትሩ በደስታ ሊያብዱ ደረሱ። ዘጠኝ መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው ተዘጋጁ።

ሰኞ ጠዋት እኔ በሚኒባስ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ በገዛ ደጃፋችን ሳልፍ፣ ሾፌሩ «ጋሽ ጭሱ ጋ ደረስን» አለና እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሳ። በወንበሯ ፊት ለስለስ ብለን፣ እጅ ነስተን አለፍን። ከመታጠፊያው ወዲያ ግን ነዳጁን ረገጠው፤ ኋላችን በጥቁር ጭስ ተሸፈነ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አልኩት።

«መዝገብ ላይ ከገባሁ እኮ አይለቁኝም! ታርጋዬን እየጠሩ ነው የሚመክሩኝ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናልፈው» አለኝ እየሳቀ።

ብነግራቸው ኩራታቸውን ላፈርስ ነው። ዝም ብል ደግሞ ያንን የሚወርድ መስመር ቢሮው ፊት ይሰቅሉና «እናንተማ ተሽሏችኋል» ተብለው አውቶቡሱን በገዛ እጃቸው ያስረክባሉ። እንደምንም ነገርኳቸው።

መዝገቡን ዘጉት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጨዋነት ነዋ የቆጠርኩት!» አሉ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ብድግ አሉ። «ወንበሯን ያዝ! ምን ትጠብቃለህ? ከመታጠፊያው ወዲያ!» ማክሰኞና ረቡዕ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጀርባ ተደብቀን ቆጠርን። እውነቱን ለመናገር እሳቸው ቆጠሩ፣ እኔ ጭሱ ይዞኝ ሳልኩ። እትዬ ደግሞ ቤት ሆነው አዲሱን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሳሉት።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ክቡር ሚኒስትሩ ፊት ቆመው «የሦስት ዓመት ቁጥሬ የተሳሳተ ነው» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሚታይ ቦታ ተቀምጬ ቆጠርኩ።» አዳራሹ ሳቀ። የቢሮው ኃላፊ «ታዲያ ይህን የሁለት ቀን ቁጥርዎን ለምን እናምናለን?» አላቸው። ዘጠኙን መዝገብ ከፌስታሉ አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር።

በዚህ መሀል ያ የሚኒባስ ሾፌር ከኋላ ተነሳ። «አውቶቡሱ ተሳፋሪ እንደሚወስድብኝ አውቃለሁ» አለ። «ግን እሳቸውን ውሸታም ማሰኘት አልችልም። እሳቸው ጋ ስደርስ እግሬን አነሳ ነበር።» ሌላውም ተነስቶ «እኔም!» አለ። ሦስተኛው ተነሳ፤ አራተኛው ተከተለ። አሥራ አንድ ሾፌር በሰው ፊት ቆሞ ተናዘዘ! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ አውቶቡሱ የኛ ሆነ።

የመጀመሪያዋ አውቶቡስ በምትመጣበት ጠዋት ሚኒስትሩ ከረባት አስረው ወጡ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ስትዘገይ ጊዜ ስለ ባትሪ ያስተምሩኝ ጀመር፤ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ በሁለት እጃቸው አየሩን እየቀዘፉ። እሷም ኮሽ ሳትል በኋላቸው አለፈች።

«ጋሼ፣ አለፈች እኮ።»

«ማን?»

«አውቶቡሷ!»

ዞር ሲሉ መንገዱ ባዶ ነው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቋት መኪና ሳይቆጥሯት ሄደች። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሳልሰማት! ሳላሸታት!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። ወዲያው ግን የሒሳብ መምህርነታቸው ትዝ አላቸውና እስክሪብቶ አነሱ።

«እሺ፣ ስንት ሰው ነበረ—»

«ሠላሳ ስምንት፤ ሦስቱ ቆመው» አልኩ፣ ጥያቄውን ሳያስጨርሳቸው አፌ። ቁጠር ያለኝ ማንም አልነበረም።