ሊቀ አናናስ

ፎቅ ባለው ሕንፃ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመ አንድ የፍራፍሬ ዳኛ አይጠፋም። ውኃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፤ እሱ ግን አይጠፋም። የእኛው ዳኛ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው። እኔና ባለቤቴ በሌሉበት «ሊቀ አናናስ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው።

ሊቀ አናናስ አናናስ አይገዙም፤ ይመረምራሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ። «ሲያዩት ቀሎ፣ ሲያነሡት ካልከበደ ውኃ የለውም» እያሉ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ይመዝኑታል። ከዚያ ገልብጠው መቀመጫውን ያሸታሉ። ያኔ ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁሉ ጸጥ እንላለን። የሙያ ልማድ ሆኖባቸው ነው መሰለኝ፣ ጆሯቸውንም ያስጠጋሉ።

«ታዲያ ምን አለዎት፣ ጋሼ?» ትላለች ባለሱቋ ታክቷት።

«ገና ነኝ አለኝ። መልሽው።»

አንድ ቀን አሥራ አንድ አናናስ «ገና ነኝ» አሰኝተው፣ ሎሚ ገዝተው ሄዱ።

ባለፈው ሰሞን የሦስት ዓመት ልጄን ጉንፋን ጣላት። ትኩሳቱ ሐሙስ ለቀቃት፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን አብሮት ሄደ። ሐኪሟ «አይዞሽ፣ ውኃ እስከጠጣች ድረስ ቀስ እያለች ትበላለች፤ የምትወደውን ሞክሪላት» ብላኛለች። ሾርባ ሳቀርብ አፏን ትገጥማለች፤ እንቁላል ሳቀርብ ፊቷን ታዞራለች። ቅዳሜ ጠዋት በራሷ ጊዜ «አናናስ» አለች።

እየሮጥኩ ወረድኩ። ቅጠሉ ያማረውን ሁለት አናናስ፣ ሳልመዝን ሳላሸት፣ ብድግ አድርጌ መጣሁ። አንዱን ቆርጬ አጎረስኳት። ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ተፋችውና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ብቀምሰው ጥርሴን አጠረሰኝ። ሁለተኛውን እስኪበስል ብዬ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አስቀመጥኩት።

ሊቀ አናናስ በደረጃው ሲያልፉ በተከፈተው በር አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ እሱ ምን አድርጎሽ ነው ፀሐይ ላይ ያሰጣሽው?»

«ይብሰል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ሙዝ መሰለሽ? አናናስ አንዴ ከተክሉ ከተቆረጠ ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል እንጂ ጣዕም አይጨምርም!»

እንባዬ መጣ። ለአናናሱ አልነበረም። «ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ሁለት ቀን ሙሉ እህል ባፏ አልዞረም።»

ፊታቸውን አዙረው ወደ ላይ ተመለሱ።

አንድ አናናስ ለመምረጥ ሰዓት የማይበቃቸው ሰው፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጡ። የያዙት ለራሳቸው የመረጡትን ነበር፤ የመቀመጫው ጣፋጭነት ሁሉም ጋ እንዲዳረስ ብለው ከትናንት ጀምሮ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቀው ያቆሙትን። ይዳረስ አይዳረስ እኔ እንጃ፤ ሽታው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ነው የገባው።

ራሳቸው ላጡት። ዓይኖቹን በቢላ ጫፍ፣ የሰዓት ጥርስ እንደሚለቅም ሰው፣ አንድ በአንድ ለቀሙ። ስስ አድርገው ቆርጠው ሰጧት። ልጄ አሸተተችው። እሷም! ላሰችው። ነከሰችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ሌላ።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ ብዬ እፎይ አልኩ። ከሐሙስ ወዲህ የተቀመጥኩት ያኔ ይመስለኛል።

«በቃት፣ ሲበዛ ምላስ ይልጣል» አሉ ጋሼ፣ ቢላውን እያጠቡ። «የተረፈውን ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢ፤ ሦስት ቀን እንዳታሳልፊው።» ሦስት ቀን! ማታውን አለቀ። ከሾርባዋ በኋላ ነው ታዲያ፤ ሾርባዋንም ጠጥታለች።

ትናንት ሱቅ ሄድኩ። አንዱን አነሣሁ፣ መዘንኩ፣ ገልብጬ አሸተትኩ። መለስኩት። ባለሱቋ ራሷን ያዘች።

«አንቺም ጀመረሽ? እኔ አንዱን ሽማግሌ አልቻልኩ!»

«ለእሳቸው ነው፤ ዝም ብዬ ልወስድ?»

ስምንተኛውን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ አንኳኳሁ። ጋሼ መነጽራቸውን ሰቀሉ። መዘኑ። አሸተቱ። ጆሯቸውን አስጠጉ። እኔ የማትሪክ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ምን አለዎት፣ ጋሼ?»

«ደርሻለሁ አለኝ» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «በይ ልጅቷን ጥሪያት፤ እኔ ቢላ ላምጣ።»