የሰርቨሮቹ ለቅሶ

ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይገባኝም። እንዴት ዝም ይባላል? አሟሟቱ ይጠየቃል እንጂ። መቼ ታመመ? ምን ቀመሰ? እንቅልፍ ነበረው? ማን አጠገቡ ነበር? ቤተ ዘመዱም ለገባው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርካል፤ ሲተርክ ይወጣለታል። እኔማ አንዳንዴ ሁለቴ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው የተረሳ ነገር በሁለተኛው ብቅ ይላል። ጎረቤቴ ሐጃ ዘይነባ፣ "ውዴ፣ አንች እኮ መርማሪ ነሽ፣ ለቅሶ ደራሽ አይደለሽም" ትለኛለች። እሷ ደግሞ! ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ደንበኛ ጨርቅ እንደሚያገላብጥ ሟቹን ገልብጣ ገልብጣ ነው የምትጠይቀው።

ታዲያ ይኸ አመላችን ባለፈው ክረምት ለሰርቨር ተረፈ።

ሰርቨር ምን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ፤ እኔም አላውቅም ነበር። የልጅ ልጄ ትርሲት ፋሲሎ ከኔ ጋር ትኖራለች። የአውቶቡስና የጀልባ ቲኬት በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው ሥራዋ። ሰርቨር ማለት ኮምፒውተር ነው፤ ግን ማንም ፊቱ አይቀመጥም። ክፍል ተዘግቶበት፣ ቀዝቃዛ አየር እየተነፋበት፣ ለሰው ሁሉ ይመልሳል። ጎንደር የሚሄደው ይጠይቀዋል፣ ደልጊ የሚሻገረው ይጠይቀዋል፣ ሐሙሲት የሚወርደውም ይጠይቀዋል። አይሰለቸውም፣ አይቆጣም። ሰው ቢሆን ይጸድቅ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይሞታል። ሳያመው፣ ሳያስነጥሰው ድርቅ ይላል። አጥፍተው ሲያበሩት ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል። ከወር በላይ ቆይቶ ደግሞ ሌላው ማሽን እንዲሁ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሆነው፤ የሞቱትም ሥራ የሚበዛባቸው ናቸው። ሥራ ፈቶቹ አንድም ቀን አልወደቁም።

ትርሲት እንደምትለው ኮምፒውተር ውስጥ ከሁሉ በታች ሆኖ ሁሉን የሚያዝ ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይሉታል። ሌላው ፕሮግራም ቢወድቅ እሱ ያነሣዋል። እሱ ከወደቀ ግን የሚያነሣው የለም። የሚሞተው እሱ ነው ትላለች። አለቃዋ ግን፣ "ከርነሉን የሠሩት የዓለም አዋቂዎች ናቸው፤ የገደለው ያንች ፕሮግራም ነው" አላት። የቲኬቱን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናታ! ሦስተኛው ማሽን ለሐምሌ ገብርኤል ሲወድቅማ ነገሩ ከረረ። አራተኛ ከሞተ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አላት።

ልጅቱ ከሳች። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ታፈጣለች። እኔና ሐጃ ደግሞ እሷ ላይ እናፈጣለን። ምን እንደምታይ ጠየቅናት። ማሽኑ ሊሞት ሲል የሚተፋው ጽሑፍ አለ አለችን፤ የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው የምመረምረው። አንዱ ሲሞት ቲኬት እየቆረጠ ነበር፣ አንዱ ስም እየፈለገ፣ አንዱ መልእክት እየላከ። ምንም የሚያገናኛቸው የለም።

"ከመጀመሪያው ንገሪን" አልኋት።

"የምኑን መጀመሪያ፣ እምዬ?"

"የሟቹን ነዋ!"

ሐጃ ሻርፗን አስተካክላ ተጠጋች። "ዕድሜው ስንት ነበር?"

"ሦስት ዓመት። ሁሉም አንድ ላይ ነው የተገዙ።"

"እኩዮች!" አለች ሐጃ፣ ከንፈሯን መጥጣ።

"እንቅልፍስ ነበረው?" አልሁ እኔ።

"እምዬ፣ ማሽን እኮ አይተኛም።"

"ጠፍቶም አያውቅ?"

"ይጠፋል አልፎ አልፎ። ስናጸዳው፣ ዕቃ ስንቀይርለት።"

"ታዲያ ከመሞቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያረፈው መቼ ነው?"

ወደ ላፕቶፗ ዞረች። ለካ ይኽን ማንም አልጠየቃትም! ስለ መጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ጠይቆ ውልቅ የሚል ለቅሶ ደራሽ እስቲ የት አገር አለ?

ፈልጋ ፈልጋ አገኘችና በፈረንጅ ቀን ትነግረኝ ጀመር። "በፈረንጅ ቀን አታደናግሪኝ፣ በኛ ንገሪኝ!" ብየ ተቆጣሁ። እየቀየረች ነገረችን። የመጀመሪያው ጠፍቶ የበራው የመስቀል ማግስት፣ መስከረም ዐሥራ ስምንት ነው። የሞተው ሚያዝያ ዐሥራ ስድስት። ሁለተኛው የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት በራ፤ ሰኔ ዐሥር ሞተ። ሦስተኛው ታኅሣሥ ሃያ አንድ በራ፤ ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ሞተ።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ቀን ግን እቆጥራለሁ። ስንቱን ቀብሬ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ መንፈቁን ስቆጥር የኖርሁ ሴት ነኝ። በኛ አቆጣጠር ደግሞ ወሩ ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ ጣት ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ቆጠርሁት፤ ሰባት ወር፣ ሁለት ቀን ሲጎድለው። ሁለተኛውን ቆጠርሁት፤ ሰባት ወር፣ ሁለት ቀን ሲጎድለው። ሦስተኛውን ሐጃ በመቁጠሪያዋ ያዘችው።

"ሰባት ወር ሁለት ቀን ሲጎድለው! ወላሂ፣ የተቀጠረ ሞት ነው!" አለች።

ትርሲት አፏን በእጇ ያዘች። "ሁለት መቶ ስምንት ቀን" አለች። "ሦስቱም ሁለት መቶ ስምንት ቀን!" የፈረንጁ ወር አንዱ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ ሃያ ስምንት እየሆነ ተደብቆባት ኖሯል።

ከዚያማ ልጅቱን ማን ይቻላት። ሰኞ እስክትደርስ ስታነብ ከረመችና አስረዳችን። ከርነሉ ከበራበት ቅጽበት ጀምሮ ጊዜ ይቆጥራል። ቁጥሩ እያደገ፣ እያደገ ሄዶ በሁለት መቶ ስምንተኛው ቀን ከተሰጠው ቦታ ይተርፋል፤ ቁና ሞልቶ ጤፉ እንደሚፈሰው። ከርነሉ ፈስሶ የጎደለውን ቁጥር ይዞ ሒሳብ ሲሠራ ይሳሳታል፤ ተሳስቶም ይወድቃል። ሥራ ፈቶቹስ ለምን ተረፉ? ሥራ ፈትማ ለምንም ምክንያት ያጠፉታል፣ ያበሩታል፤ ቆጠራው ካንድ ይጀምርለታል። ሥራ የሚበዛበትን ግን ማን ደፍሮ ያጠፋዋል? ሰው ተሰልፎበት! እኛም ሥራ ገደላቸው እያልን ስንት ከንፈር መጥጠናል።

"ቀሪ አለ?" አልኋት። አለ። ከሁሉ ሥራ የሚበዛበት፣ ጥር ዐሥራ ሁለት የበራ። በጣቴ ቆጠርሁት። ነሐሴ ዐሥር! በፍልሰታ መካከል፣ ሰው ሁሉ በጀልባ ወደ ገዳማቱ በሚሻገርበት ጊዜ።

ሄዳ ለአለቃዋ ነገረችው። ትንሽ እናጥፋውና ቆጠራው እንደገና ይጀምር ብላ ለመነችው። እሱም፣ በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ጤነኛ ማሽን አጠፋለሁ ወይ? ቀን ቆጥሮ የሚሞት ማሽንስ የት አለ? ማን ነገረሽ? አላት። የኔ ሞኝ እውነቱን ተናገረች። "አያቴ" አለችው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ ብላ እያለቀሰች መጣች። እሱ ደግሞ፣ ነሐሴ ዐሥር ከሞተ አምንሻለሁ፤ ካልሞተ ዐሥራ አንድ ቀን ደብዳቤሽን ውሰጂ ብሏታል። እዩልኝ እንግዲህ! ከሞተ አባርርሻለሁ ያለ ሰው፣ አሁን ካልሞተ አባርርሻለሁ አለ።

እሷ በበኩሏ አንድ ሥራ ፈት ማሽን አጥፍታ አብርታ አጠገቡ አዘጋጀች። ያኛው ሲወድቅ ይኸኛው ተቀብሎ መንገደኛው ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው። እኔስ? ምን ልደብቃችሁ። ሰው በሱባዔ የነፍሱን ድኅነት ሲለምን፣ እኔ ጾሜን ይዤ ሞት ለመንሁ። ሐጃንም ዱዓ አድርጊልኝ ብላት፣ "ለማሽን ሞት ዱዓ ይደረጋል ወይ ብየ ማንን ልጠይቅ? እብድ ይሉኛል" አለችኝ። ከንፈሯ ግን ሲንቀሳቀስ አይቻታለሁ።

ነሐሴ ዐሥር ደረሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሁለታችን ስልኬን መካከላችን አስቀምጠን ተፋጠናል። ከቀትር በፊት ጮኸ።

"እምዬ፣ ሞተ! አለቃዬ ፊት ለፊት ሞተ!"

እልል አልሁ። ሐጃም እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ጃንጥላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ምን ተገኘ? ማን ወለደ?

"ሞተ!" አልኋቸው።

"ውይ! ማን?"

"አራተኛው!"

አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበስ ጀመረች። ሌላዋ እኔንም ሐጃንም እያየች ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። እስክናስረዳቸው ድረስ ያለቀልን አሮጊቶች ነበርን።

የተዘጋጀው ማሽን ወዲያው ተቀበለ፤ አንድም ጀልባ ሳይሞላ አልሄደም። አለቃዋም፣ "አያትሽ ስለ ሌሎቹ ምን ይላሉ?" ብሎ ጠየቃት አሉ። ያን ዕለት "አያቷ" መሆኔ ቀርቶ "እሳቸው" ሆንሁ። የትርሲትም ቦታ የትርሲት ሆኖ ቀረ። በኋላ ሲጣራ የዓለም አዋቂዎቹ ስሕተቱን ድሮ አርመውት ኖሯል። የታረመውን ከርነል ለመጫን ግን ማሽኑን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ማጥፋቱን ነው ማንም ያልደፈረው።

ፍልሰታ ሲፈታ በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። "አባ፣ በጾም ሞት ለመንሁ። ሲሆንልኝም እልል አልሁ።"

አባ ደነገጡ። "ወለተ ማርያም! የማንን ሞት?"

ነገርኋቸው። እሳቸውም ለቅሶ ያውቃሉና ከመጀመሪያው ጀምረው ጠየቁኝ፤ እኔም ከመጀመሪያው ተረክሁ። ብዙ አሰቡ። ሰባት ስግደት ሰጡኝ፤ ለማሽኑ ሳይሆን ለእልልታው። ልነሣ ስል ግራ ቀኙን አዩና ከካባቸው ሥር ስልካቸውን አወጡ።

"የኔ ከጥምቀት ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም" አሉኝ በሹክሹክታ። "እስቲ ቀኑን ቁጠሪልኝ።"

ቆጠርሁ። ሁለቴ ቆጠርሁ። ቀኑ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ ስልኩም እጃቸው ላይ ያበራል።

"አባ፣ ይኸኛው የሞቱን ቀን አልፎታል፤ ቆጠራው እንደገና እንዳይጀምርበት ፈጽሞ እንዳያጠፉት" ብየ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።