የመጀመሪያዋ መርከብ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመርከብን ስም ማን እንደሚያወጣው ግን እኛ የላፍቶ ሰዎች አስበን አናውቅም። ምን ቆርጦን እናስባለን? በክረምት ከሚሞላው ወንዛችን በቀር ያየነው ውሃ የለም፤ እሱንም የምንሻገረው ሱሪያችንን ሰብስበን ነው።

መርከብ ሰፈራችን የገባው በደርግ ጊዜ፣ በለቅሶ ቤት በኩል ነው። የቶሎሳ እናት የበኩር ልጃቸው ቶሎሳ ግንባር ላይ ወድቆ መርዶ ከተነገራቸው ወዲህ ጎረቤቱ እየተሰበሰበ ያጫውታቸው ነበር። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ ሰፈር የወለደች ሴት የምትጠራው በመጀመሪያ ልጇ ነው። ታዲያ እኛ ብልሆቹ፣ ቁስላቸውን እንዳንነካ ብለን ተመካከርንና በታናሽ እህቱ «የብርቄ እናት» ማለት ጀመርን። አቤት ይላሉ፤ ግን ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዞር ዞር ካሉ በኋላ ነው። እኛም የሐዘን ድካም ነው ብለን አለፍነው።

አንድ እሑድ ባሕር ኃይል የሚያገለግለው የባለቤቴ ወንድም ታደሰ ከምጽዋ ለዕረፍት መጥቶ ስለነበር ይዤው ሄድኩ። ጦርነት የሚባል ነገር እንዳያነሳ መንገድ ላይ አስጠነቀቅኩት። እሱም ቃሉን ጠብቆ ስለ መርከብ ስም ብቻ አወራ። በብዙ አገር በአንድ ንድፍ የሚሠሩ የጦር መርከቦች እንደ እህትማማች ይቆጠራሉ አለን፤ እያንዳንዷ የራሷ ስም አላት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ግን የሚጠራው መጀመሪያ በተሠራችው ስም ነው። አፋችንን ከፍተን ቀረን። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ መድፍ፣ ለካ እንደ እናቶቻችን በበኩሩ ኖሯል የሚጠራው።

የቶሎሳ እናት ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«የመጀመሪያዋስ ብትሰጥም?»

ታደሰን በክርኔ ልጎስመው ስል ቀደመኝ።

«ብትሰጥምም ስሙ አይለወጥም፣ እማማ። የተረፉት ሁሉ በእሷው እንደተጠሩ ይኖራሉ።»

እሳቸው አንድ በአንድ አዩን። እኔ ጋ ሲደርሱ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «ባሕር እንኳ የማይወስደውን ስም ነው እናንተ የወሰዳችሁብኝ።»

ብርቄ አጠገባቸው አንገቷን ደፍታ ታለቅስ ነበር። እኛም አለቀስን፤ በመርዶው ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስንም።

ባሕርን እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ሲነሳ እንደ ታላቅ ሰው ቆሜ የምቀበለው ይመስለኛል። በማግስቱ ቦኖ ውሃው ጋ እንስራቸውን ይዘው ቆመው አየኋቸውና ከሩቅ፣ ትንሽ ፈራ ተባ እያልኩ፣ የቶሎሳ እናት ብዬ ተጣራሁ።

አቤት ያሉት ሳልጨርስ ነው።