ጋሽ በርጋን ማን ያንቀሳቅሳቸው

ካሜራ ፊት ቆሞ የራሱን መልክ ይዞ የቀረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በር ላይ ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቅ የነበረ ጎረምሳ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ውስጥ ሲገባ ፍርድ ሊነበብለት የቆመ ሰው ይመስላል። እናንተም ከዚያ አትለዩም፤ ካላመናችሁ መታወቂያችሁን አውጥታችሁ እዩት። ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ወልቂጤ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ሃያ ዓመት ሙሉ "ቀና በል፣ ትከሻህን አስተካክል፣ እንዳትንቀሳቀስ" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚህን ከተማ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብል አላጋነንኩም። ትምህርቱ አንድ ቀን በራሴ ላይ እንደሚዞር ግን አላወቅኩም ነበር።

ከዚያ ካሜራ ያለው ስልክ መጣ። ሰርግ ላይ ወደ ሙሽራዋ ስጠጋ የሚዜው፣ የአክስቷ፣ የማንም ስልክ ከፊቴ ይደረደር ጀመር። "አንዴ ዞር በልልን" ይሉኛል፤ ተከፍሎኝ የመጣሁትን ሰውዬ። ለፎቶ ቤቴ የቀረላት ጉርድ ፎቶ ብቻ ሆነ። የባለቤቴ የአስቴር ወንድም ተሰማ መርካቶ የጫማ ሱቅ አለው። በየዓመቱ ለመስቀል ሲመጣ "ይህን ካሜራ ሽጠውና እኔ ጋ ና" ይለኝ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ቁርጡን ነገረኝ። "የዛሬ ዓመት ስመጣ ይዤህ ነው የምሄደው።" አስቴር ለወንድሟ ክትፎ ጨመረችለት፤ ለእኔ አልጨመረችም። ያገባችሁ የዚህን ትርጉም ታውቁታላችሁ። ጫማ መሸጥ ነውር ሆኖብኝ አይደለም። ግን ሰውን ከፊቱ ጀምሮ ማየት የለመድኩ ሰው በዚህ ዕድሜዬ ከእግሩ ልጀምር?

አልጀምርም ብዬ ኢንተርኔት ላይ የቪዲዮ ቻናል ከፈትኩ። የከተማችንን ባለሙያ ሁሉ ከነሥራው ላሳይ ነው ሐሳቡ። እስከ መስቀል ተመልካች ካገኘሁ ተሰማ አፉን ይይዛል፤ ካላገኘሁ መርካቶ። በዚያ ዘመን ቪዲዮ መጫን ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነበር። ኔትወርኩ ሲሻው ይመጣል፤ መንግሥት የከፋው ሰሞን ጭራሽ ይጠፋል። ቪዲዮዬን ይዤ በሚኒባስ ጉብሬ ድረስ እሄድና ዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ከተማሪዎች ጋር ተኮልኩዬ ከግቢው የሚያመልጠውን ዋይፋይ ስቃርም ግማሽ ቀን ይሄዳል። አባታቸው የምሆን ሰው።

መጀመሪያ የመረጥኩት ቢላዋ የሚስሉትን ጋሽ በርጋን ነበር። ለመስቀል የሚሰናዳው የክትፎ ቢላዋ ሁሉ በእጃቸው ነው የሚያልፈው። የመሳያ ድንጋዩን በፔዳል ሲያሽከረክሩት፣ ፍንጣሪው ሲበተን፣ ጣታቸው ስለቱን ሲዳብስ ዓይን አይጠግብም። እኔ ካሜራዬን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ተክዬ ቁልፉን ስጫን ጋሽ በርጋ ፔዳላቸውን አቆሙ፤ ተነሱ፤ ከምስማር ላይ ኮታቸውን አውርደው ለበሱ፤ እስከ አንገታቸው ቆለፉ፤ እጃቸውን ከጎናቸው ለጥፈው ቆሙ።

"ጋሽ በርጋ፣ ይሄ እኮ ቪዲዮ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ።

"ታዲያ ይሳሉ እንጂ።"

"በሥራ ልብስ? አገር በሚያየኝ ቀን? ደግሞ ለመታወቂያ ስታነሳኝ እንዳይንቀሳቀሱ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?"

ይደክማቸዋል ብዬ ካሜራውን ሳላጠፋ ጠበቅኩ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ። የደከመኝ እኔ ነኝ።

ሌላውም አልተሻለም። መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ መኪናውን ተደግፎ ቆመ። ሙዝ የምትሸጠው ሽኩሪያ "ወላሂ በዚህ ልብሴ አልታይም" ብላ ሙዟን ለእኔ ጥላ ቤቷ ሄደች፤ እስክትመለስ ሙዝ ስሸጥ ቆየሁ። ከጫንኩት በኋላ ደግሞ አስተያየት መጣ። "ቪዲዮው ቆሞብኛል" ይላል አንዱ። "ኔትወርኩ ነው ወይስ ሰውየው?" ይላል ሌላው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ጎረምሳ እንቁላል በግንባሩ ሲሰብር አገር ተንጋግቶ ያየዋል። እኔ ብርሃን ጠብቄ፣ ሌንስ አጥርቼ፣ ጉብሬ ድረስ ተንከራትቼ ያየኝ ሰው አሥራ ሰባት ነው። ከአሥራ ሰባቱ ዘጠኙ እኔ ነኝ። አልናደድም? እናንተ ብትሆኑስ?

መስቀል ደረሰ። ካሜራዬን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ ተሰማን ጠበቅኩት። ምሳ ቀርቦ አንድ ሁለት እንደጎረሰ "ቻናልህን እያየን ነው" አለኝ።

"ማን ነው የሚያየው?"

"የአገር ልጅ ነዋ። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄ ይሰበሰብና በእኔ ስልክ እናያለን። አንዱን ቪዲዮ ደጋግመን።"

በአንድ ስልክ። ሃያ ሰው አንድ ስልክ ላይ ቢደፋ ቆጣሪው አንድ ብሎ እንደሚያልፍ ለማን አቤት ይባላል?

"ጋሽ በርጋን ወደዳችኋቸዋ" አልኩት።

"ኧረ እሳቸውን ማን ያያል? ከኋላቸው ያለውን ነው እንጂ" አለና ስልኩን አወጣ።

አየሁ። ከአሥራ ሰባቱ ዘጠኝ ጊዜ ያየሁት እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጋሽ በርጋ እንደ ምሰሶ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ከተማው ያልፋል። ቆጮ ያዘሉ ሴቶች ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ተማሪዎች ይገፋፋሉ፤ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገብታ ታጓራለች።

"እዚህ ጋ" አለ ተሰማ ጣቱን ጠቁሞ። "የደግፌ እናት። ደግፌ ጎረቤቴ ነው፤ ስድስት ዓመት አገሩን አልረገጠም። ከዘራ ይዘዋል፣ አየህ? ከዘራ መያዛቸውን አያውቅም ነበር። ስልኩን መለሰልኝና ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ይኸው ዘንድሮ አብሮኝ ነው የመጣው።"

አስቴር ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ንዴቴም አልበረደም። ሃያ ዓመት ፊት ላይ ስለፋ ኖሬ ሰው የወደደልኝ ሳላስበው የገባውን ነው።

ተሰማ እጁን ታጠበና ስለ ጫማው ሱቅ ምንም ሳያነሳ "አንድ ነገር እንለምንህ" አለኝ። "በሚቀጥለው ጋሽ በርጋን ትንሽ ወደ ግራ በልልን። የአጎታችንን በር ከልለውታል።"

በነጋታው ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ በርጋ የዓመቱ ጭቅጭቄ ገብቷቸው ኖሮ በሥራ ልብሳቸው ተቀምጠው ፔዳላቸውን ይመታሉ። ፍንጣሪው ያምራል።

"በል ቅረጽ" አሉኝ። "እንዳልከው እየሠራሁ።"

"ይነሱ ጋሽ በርጋ" አልኳቸው። "ኮትዎን ይልበሱ። ትንሽ ወደ ግራ። እንዳይንቀሳቀሱ።"