የልብስ ሰፊው ይማም ግለ ሂስ

ግለ ሂስ የሚያምርበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ ገጥሞኛል። በደርግ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ፣ ቀበሌያችን ሚስት የምንመታ ባሎችን እሁድ እሁድ እየሰበሰበ ግለ ሂስ ያስደርገን ነበር። ልብስ ሰፊውን ይማምን ግን ማን ይችለዋል! «ጓዶች፣ በዚህ ሳምንትም የፊውዳል ርዝራዥ አሸነፈኝና ጦይባን መታኋት» ብሎ እንባውን ሲጠርግ አዳራሹን በጭብጨባ እናናጋው ነበር። ጥፋቱን ላመነ ሰው አይጨበጨብም እንዴ?

አንድ እሁድ ሚስቱ ጦይባ ራሷ መጥታ እጇን አወጣች።

«በአላህ ይዣችኋለሁ፣ አታጨብጭቡለት» አለች። «ድሮ የሚመታኝ በወር አንዴ ነበር። አሁን ለእሁድ የሚናገረው እንዳያጣ በየሳምንቱ ሆነ።»

ከይማም ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያሳመርኩትን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ጨመደድኩት።